ከሀገር ቤት ተመልሼ የታመምኩት ወባ ለምን ደግሞ መጣብኝ? (27 መልሶች)

ይህን ክር የከፈትኩት ከጥምቀት በኋላ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም ነው። አሁን 27 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ሁሉንም ማንበብ እየከበዳቸው ያንኑ ጥያቄ መልሰው ይጠይቁኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የጻፍኩትን፣ ከዚያም የተሰጡትን መልሶች በቁጥራቸው እየጠራሁ እዚህ አንድ ላይ ላስቀምጠው።

የጻፍኩት ይህን ነበር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ 16 ዓመት ሆነኝ። ተወልጄ ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። ባለፈው መስከረም ከ7 ዓመት በኋላ ሀገር ቤት ገባሁ። የአባቴ እህት አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ነው የሚኖሩት። አባቴ ካረፈ ወዲህ አላየኋቸውም ነበር። መስቀልን ከእሳቸው ጋር ላሳልፍ ወረድኩና ስድስት ሌሊት አደርኩ።

መስቀል በጋሞ ምድር ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ዮ ማስቃላ እየተባለ ሰው ከያለበት ወደ ቤቱ ይገባል። የአክስቴም ቤት በእንግዳ ሞልቶ ነበር። የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልኝ። አልጋው ላይ አጎበር ተሰቅሏል። ሰማያዊ ነው፤ አንድ ጎኑ ተቀድዶ በነጭ ክር ተጠግኗል። በቤቱ ውስጥ ያለው አጎበር እሱ ብቻ ነበር። አርባ ምንጭ ሞቃት ነው። የመጀመሪያውን ሌሊት አየር ያጠረኝ መሰለኝ። በሁለተኛው ቀን አውርጄ፣ በአራት አጥፌ ራስጌ ያለው ወንበር ላይ አኖርኩት። ጠዋት አክስቴ አዩት። ምንም አላሉም። ማታ ማታ በረንዳ ላይ ቡና ስንጠጣ ቢምቢ ቁርጭምጭሚቴን ሲነክሰኝ ይሰማኝ ነበር። እያከክሁ ወሬዬን እቀጥላለሁ።

መስከረም መጨረሻ ላይ ቨርጂኒያ ተመለስኩ። ጥቅምት 5 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ ላይ እያለሁ ብርድ ብርድ አለኝ። ቤት ገብቼ ሁለት ብርድ ልብስ ደረብኩ። ጥርሴ እስኪንገጫገጭ አንቀጠቀጠኝ። ከዚያ ትኩሳቱ ተነሣ። ከትኩሳቱ በኋላ አንሶላው እስኪርስ አላበኝ። በማግሥቱ ደህና ሆኜ ሥራ ገባሁ። በሦስተኛው ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ ያው ነገር መጣ። አንድ ክሊኒክ ሄድኩ። ኢንፍሉዌንዛ ይሆናል ብለው መረመሩኝና የለብሽም አሉኝ። ታይሌኖል ውሰጂ ብለው ሸኙኝ። ከየት እንደመጣሁ አልጠየቁኝም። እኔም አልነገርኳቸውም። ሀገሬ ሄጄ መምጣቴ ለሐኪም የሚነገር ነገር መሆኑ ጭራሽ አልታየኝም።

ያዳነችኝ ጎረቤቴ ናት። ኤርትራዊት ነች። በአራተኛው ዙር ስንቀጠቀጥ አገኘችኝ። ግንባሬን ዳሰሰችና ሀገር ቤት የት የት ሄጄ እንደነበር ጠየቀችኝ። አርባ ምንጭ ስላት ሌላ ነገር ሳትጠይቀኝ መኪናዋ ውስጥ አስገባችኝ። ሆስፒታል ደሜን አዩ። ወባ ነው አሉኝ። የሦስት ቀን ኮአርተም ሰጡኝ፤ ተሻለኝ። ያበቃ መስሎኝ ነበር። በጥምቀት ዋዜማ ግን ያው ብርድ ተመልሶ መጣ። እንደገና ሆስፒታል ገባሁ። ያው ወባ ነው ብለው ያንኑ መድኃኒት ሰጥተው መለሱኝ። ጥያቄዬ ይህ ነው። ከመስከረም ወዲህ ከቨርጂኒያ ወጥቼ አላውቅም። በዚህ ውርጭ ቢምቢ የለም። ታዲያ ከየት መጣ? መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው? እንዲህ የደረሰበት ሰው አለ? ሦስተኛ ጊዜ ይመጣል ብዬ ፈርቻለሁ።

የጻፍኩት እዚህ ላይ ያበቃል። ከዚህ በኋላ ያለው የሰዎች መልስ ነው።

መልስ 1 ከአትላንታ ከአንዲት እህት የመጣ ምርቃት ነበር። እግዜር ይማርሽ ብላ፣ ብቻዬን እንደምኖር ጠይቃ፣ ምግብ የሚያመጣልኝ ሰው እንዳለኝ ማወቅ ፈለገች። አለኝ ብዬ በግል መለስኩላት።

መልስ 2 ከዳላስ ነው። ወንድሙ ከጋምቤላ ተመልሶ እንደኔው በጉንፋን ስም ሲንገላታ ቆየ። ሰባተኛው ቀን ላይ መቀባዠር ሲጀምር በአምቡላንስ ወሰዱት። እሱን የያዘው ፋልሲፓረም የሚባለው፣ ቶሎ የሚገድለው ዓይነት ነበር። ኩላሊቱ ተጎድቶ ዳያሊሲስ ላይ ሰነበተ። አሁን ድኗል። ሰውየው የጻፈው አጭር ነው፤ ግን ካነበብኩት በኋላ ስልኬን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። እኔም አራት ዙር ሙሉ ቤቴ ተኝቼ ነበር።

መልስ 3 ከለንደን መጣ። ጸሐፊው እርግጠኛ ነው። ውጭ ሀገር ብዙ ስለኖርሽ ደምሽ ወባን ረስቶታል፣ በፊት የነበረሽን መከላከያ አጥተሽ ነው የሚል ሐሳብ ነበር። ብዙ ሰው ወደደለት። እኔም አመንኩት።

መልስ 4 ላይ ነገሩ አቅጣጫ ያዘ። ሐዋሳ የሚሠራ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ማጽናኛም ምክርም አልጻፈም። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የምርመራው ወረቀት ላይ የወባው ዓይነት ምን ተብሎ ተጽፏል? ወረቀቱን ከኩሽና መሳቢያ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁና መልስ 5 ላይ ጻፍኩለት። ሁለቱም ጊዜ ቫይቫክስ ይላል።

መልስ 6 የዚህ ክር እምብርት ነው ብል አላጋነንኩም። ባለሙያው ጊዜ ወስዶ፣ እንደ ታናሽ እህቱ ቆጥሮ አስረዳኝ። ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚገኙት የወባ ዓይነቶች ሁለት ናቸው፤ ፋልሲፓረምና ቫይቫክስ። ቢምቢዋ ስትነክስ የወባው ጥገኛ ተውሳክ መጀመሪያ ወደ ጉበት ይሄዳል። ከጉበት ወጥቶ ደም ውስጥ ሲገባ ነው ሰው የሚታመመው። ቫይቫክስ ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይወጣም። ከፊሉ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ይቀራል፤ ከሳምንታት፣ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ቆይቶ ይነሣል። ኮአርተም ደም ውስጥ ያለውን ያጠፋል፤ ጉበት ውስጥ የተኛውን ግን አይነካም። ለዚያ ሌላ መድኃኒት አለ፤ ፕሪማኩዊን ይባላል፤ በተለመደው አሰጣጥ 14 ቀን ይወሰዳል። ስለዚህ አዲስ ቢምቢም አልነከሰችኝ፣ የወሰድኩትም መድኃኒት ሥራውን ሠርቷል። የጎደለው ሁለተኛው መድኃኒት ነው።

ባለሙያው ሥራውንም ነገረን። ጥቅምት ላይ የደም ስላይድ ከጠዋት ጀምሮ ጠረጴዛው ላይ ይደረደራል። ጠብታዋ አንዱ መስታወት ላይ ወፈር ተደርጋ፣ ሌላው ላይ ስስ ተደርጋ ትቀባለች። ከዚያ በጊምሳ ቀለም ትነከራለች። ወፍራሟ ወባ መኖር አለመኖሩን፣ ስሷ ዓይነቱን ታሳያለች። በቫይቫክስ የተያዘው ቀይ የደም ሕዋስ ከጎኑ ካሉት አብጦ ስለሚታይ ዓይኑ ቶሎ ይለየዋል። አንዴ አልታየም ማለት የለም ማለት እንዳልሆነም አሳሰበ። ትኩሳቱ ከቀጠለ ከ12 እስከ 24 ሰዓት እየቆዩ ደግሞ ደጋግሞ ማየት ያስፈልጋል።

መልስ 7 የለንደኑን ሰው አረመ። ጸሐፊዋ አዲስ አበባ በኅብረተሰብ ጤና የምትሠራ ናት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ነች፤ እዚያ ወባ አይተላለፍም። ስለዚህ እኔ ያጣሁት መከላከያ የለም፤ ድሮም አልነበረኝም። መከላከያ የሚመጣው በልጅነት ደጋግሞ በመያዝ ነው፤ እሱም ቢሆን ከፊል ነው። የኢትዮጵያ ወባ ደግሞ በአብዛኛው ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ስለሆነ ቆላ የሚኖረውም ሰው ቢሆን ያን ያህል የሚተማመንበት መከላከያ የለውም። ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ዋናው ነው። እኔ የሄድኩት በዚያው መሐል ነበር።

የለንደኑ ሰው መልስ 8 ላይ ተመለሰ። ሲጀምር ቆጣ ያለ ይመስል ነበር፤ ሲጨርስ ግን ልብ ይነካል። እሱ የመተማ ልጅ ነው። በልጅነቱ ወባ ይይዘዋል፣ ለሁለት ቀን ይተኛል፣ ተነሥቶ ከብት ጥበቃ ይሄዳል። ከ12 ዓመት በኋላ ለእናቱ ልቅሶ ሲመለስ እንደዚያው ነው ብሎ ናቀው። በሦስተኛው ቀን ራሱን ስቶ ጎንደር ተወሰደ። ስለ ራሱ የተናገረው ልክ ነበር ማለት ነው፤ የቆላ ልጅ የነበረውንም ከፊል መከላከያ ውጭ ሲቆይ ያጣዋል። እኔ ላይ ግን አይሠራም። የመልስ 7 ጸሐፊም ይህንኑ አመነችለት።

ከመልስ 9 እስከ 12 ያለው የባህል መድኃኒት ክርክር ነው፤ በዝርዝሩ አላደክማችሁም። አንዱ ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በማር እንዳዳነው ጻፈ። ሌላዋ አርቴሚሲያ የሚባለውን ተክል እንደ ሻይ አፍልቶ መጠጣት ይበቃል አለች። ሲያትል የምትሠራ ነርስ ተቆጣች። የአርቴሚሲያ ሻይ የሚሰጠው የመድኃኒት መጠን አይታወቅም፣ ሰውን አጉል ያዘናጋል፣ ሰው ሞቶ ይቅርታ አይሠራም የሚል ይዘት ያለው መልስ ነበር። የፌጦው ሰውዬ ተናደደና ፈረንጅ ያስተማረሽን ብቻ ነው የምታውቂው አላት። በዚህ ላይ አቋሜን ልደብቅ አልፈልግም። እኔም ፌጦ በልቻለሁ፤ እናቴ ናት ያስለመደችኝ። ትኩሳት የያዘው ሰው ግን መጀመሪያ ደሙን ይታይ። ነርሷ ልክ ነች፤ ቃሏ ቢጎረብጥም።

መልስ 13 ላይ የመድረኩ አወያይ ገብቶ ስድብ እንዲቆም ጠየቀ። ጸበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ፣ አንዱን ለመያዝ ሌላውን መተው እንደማያስፈልግ ጨመረ። ይህ ሁሉንም አበረደ።

መልስ 14 ከእስራኤል ነው፤ ከነታንያ። ጸሐፊው ስለ ወባ ሲነሣ እናቱ ክፍሉን ለቀው እንደሚወጡ ነገረን። ቤተሰቡ በ1984 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጎንደር በእግር ሱዳን ገብቶ ኡም ራኩባ ካምፕ ወራት ቆየ። ከደጋ የወረደ ሕዝብ ነው፤ ንዳድን በስሙ እንጂ በገላው አያውቀውም። የእናቱ ታናሽ እህት እዚያ ቀረች። በዚያ መንገድና በካምፖቹ ውስጥ ያለቀው የቤተ እስራኤል ሕዝብ ቁጥር ብዙ ጊዜ 4,000 ገደማ ይባላል፤ ረኃብ፣ ወባና ሌላ ወረርሽኝ ተባብረው ነው የጨረሱት። ልጁ ምንም አልጠየቀም። የአክስቱን ታሪክ ለማስቀመጥ ብቻ ነው የገባው። ከሥሩ ብዙ ሰው ነፍስ ይማር ብሎ አለፈ።

እሱን ተከትለው አንድ አባት መልስ 15ን ጻፉ። ዴንቨር፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እሳቸው ልጅ ሆነው የደረሰውን የ1951 ዓ.ም መግቢያውን ወረርሽኝ ያስታውሳሉ። በፈረንጆቹ 1958 መሆኑ ነው። ያኔ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። ወባ የማይለመድበት፣ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ድረስ ወጥቶ ነበር። እሳቸው የሚያስታውሱት እህል ደርሶ አጫጅ መጥፋቱን ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የወባ ማጥፊያ ሠራተኞች መጡ። ጀርባቸው ላይ መርጫ አዝለው ግድግዳውን ዲዲቲ ረጩ። ሲጨርሱ በር ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉ። የእነ አባባን ቤት ቁጥር እስከ ዛሬ አልረሱትም፤ 43 ነበር። እንዲህ ያለ ትዝታ የሚያጫውቱን አባቶች በዚህ መድረክ ላይ ቢበዙ እንዴት ደስ ባለኝ።

መልስ 16 የድሬዳዋ ልጅ ነው። ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው ብላችሁ አትዘናጉ አለን። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የሚባል ከእስያ የመጣ የቢምቢ ዓይነት ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ። በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ ወረርሽኝ ሲነሣ ስሙ በሰፊው ተሰማ። ይህች ቢምቢ የምትራባው ከተማ ውስጥ፣ ሰው ለራሱ ውኃ ባጠራቀመበት በርሜልና ሮቶ ውስጥ ነው። ዝናብ አትጠብቅም። እሱ ቤት ሮቶው ክዳን አልነበረውም። አሁን እናቱ በሽቦ ወንፊት ሸፍነውታል።

መልስ 17 በጣም ጎዳኝ። ስሙን የማልጠራው ሰው፣ ሀገር ቤት ሁለት ሳምንት ቆይታችሁ ስትመለሱ ሀገር ታሰድባላችሁ፣ ቱሪስት ታስፈራላችሁ፣ የታመማችሁት አመጋገባችሁን ስላበላሻችሁ ነው አለ። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። መልስ 18 ላይ የመለስኩለት እኔ ነኝ። በ2024 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። ይህን የቆጠሩት፣ ያከሙት፣ ሌሊት ስላይድ ሲያዩ ያደሩት የሀገራችን ልጆች ናቸው። የወባውን ዓይነት መጀመሪያ የጠየቀኝም ቨርጂኒያ ያለ ሐኪም ሳይሆን ሐዋሳ ያለ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ይህ ሀገር ማሰደብ ከሆነ እኔ አልገባኝም። ሰውየው ደግሞ አልመለሰም።

መልስ 19 ሌላ በር ከፈተ። የኦስሎ ነዋሪ ነው። ከመሄዱ በፊት ሐኪም ያዘዘለትን ማላሮን የሚባል የወባ መከላከያ ክኒን በየቀኑ ዋጠ። ከመግባቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ጀመረ፤ ከተመለሰም በኋላ ሰባት ቀን ቀጠለ። አንድ ቀን አላጎደለም። ከአምስት ወር በኋላ ግን ወባ ያዘው። ክኒኑ አልሠራም ብሎ ሐኪሙ ላይ ተቆጥቶ ነበር። የሐዋሳው ባለሙያ ከሥሩ አጭር ነገር ጻፈለት። ማላሮን ከሚገድለው ከፋልሲፓረም ጠብቆታል፤ ጉበት የሚተኛውን ቫይቫክስ ግን አያጠፋም። ስለዚህ ክኒኑን የወሰደም ሰው ከወራት በኋላ ትኩሳት ከያዘው ወባን መጠርጠር አለበት።

መልስ 20 የአንዲት ፋርማሲስት ነው። ሁላችንም ፕሪማኩዊን ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት አስቆመችን። መጀመሪያ ጂሲክስፒዲ የሚባለውን ኢንዛይም የሚለካ የደም ምርመራ መደረግ አለበት። ይህ ኢንዛይም በተፈጥሮው የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። እነሱ ፕሪማኩዊን ከወሰዱ ቀይ የደም ሕዋሳቸው ይፈርሳል፣ ሽንታቸው ይጠቁራል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ነፍሰ ጡርም አትወስደውም። በአንድ ጊዜ የሚዋጥ ታፌኖኩዊን የሚባል አዲስ መድኃኒትም አለ፤ እሱም ያለዚህ ምርመራ አይሰጥም። የእሷን መልስ አትሜ ለሐኪሜ ወሰድኩለት። ምርመራውን አዘዘልኝ። ውጤቱ በአምስተኛው ቀን ደህና ሆኖ መጣና ፕሪማኩዊኑን ጀመርኩ። ባዶ ሆዴን ስወስደው ይቆርጠኝ ስለነበር ከፍርፍር ጋር አደረግኩት።

መልስ 21 ላይ ወሬው ወደ ፉል ሄደ። የስቶክሆልም ነዋሪ የሆነ ወንድም ይህ ኢንዛይም ያነሰው ሰው ባቄላ አይብላ ሲባል ሰምቶ፣ እኛ በጾም ያለ ፉል ምን እንበላለን ብሎ ተጨነቀ። ፋርማሲስቷ መልስ 22 ላይ አረጋጋችው። እውነት ነው፣ ጉድለቱ ያለበትን ሰው ባቄላ ሊያሳምመው ይችላል። ምርመራው ደህና የሆነለት ሰው ግን ፉሉን ይብላ። መልስ 23 ሥራ ቦታው ላይ ደም ሊለግስ ሄዶ የተመለሰ ሰው ነው። አሜሪካ ውስጥ ወባ ያለበት ቦታ ደርሶ የተመለሰ ጎብኚ ለሦስት ወር፣ ወባ ታሞ የዳነ ደግሞ ለሦስት ዓመት ደም አይሰጥም። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ታኅሣሥ ላይ ልሰጥ ተመዝግቤ የቀረሁት በሥራ ምክንያት ነው። እንኳን ቀረሁ።

መልስ 24 የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ለፋሲካ ጂማ የምትወርድ እናት ናት። ልሰርዝ ወይ ብላ ጠየቀች። ያቺ ተቆጪ ነርስ መልስ 25 ላይ መጣች፤ በዚህኛው ላይ ቃሏ እንደ እናት ነበር። አትሰርዢ አለቻት። ለሕፃናት በኪሎ የሚመጠን ማላሮን አለ። ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስቀድማ ሐኪም ጋ ትሂድ። የራሷን አጎበር ከዚህ ይዛ ትግባ፤ ሻንጣ ውስጥ ከአንድ ጋቢ የበለጠ ቦታ አይዝም። ቢምቢዋ የምትነክሰው በአብዛኛው ከምሽት እስከ ንጋት ስለሆነ ልጁ ፀሐይ ሳትጠልቅ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይልበስ። ከተመለሱ በኋላ ልጁ ካተኮሰው፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ የመጀመሪያ ቃሏ ኢትዮጵያ ነበርን የሚል ይሁን። ከስሙና ከኢንሹራንሱ በፊት። እኔ ይህን ክፍል ቀድቼ ለቤተ ክርስቲያናችን የቴሌግራም ቡድን ልኬዋለሁ።

ክሩ እዚህ የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። መልስ 26 ከዚያው ከአርባ ምንጭ መጣ። ሴቻ የምትኖር ሴት ናት። አላባበለችኝም። ስለ ቨርጂኒያው ክሊኒክ፣ ስለ ስላይዱ፣ ስለ ኢንዛይሙ፣ ስለ ፉሉ ሁሉ ተወራ አለች። በቤቱ የነበረው አጎበር አንድ ነው፤ እሱም የአክስትሽ ነው። አልጋቸውን ለአንቺ ሲለቁ እሳቸው የት ተኙ? አንቺ ስትታመሚ እሳቸው ደህና መሆናቸውን ጠየቅሽ? በዚያው ሳምንት ጎረቤቶቿ ሁሉ ጤና ጣቢያ ተሰልፈው እንደነበርም ጨመረች።

የምመልሰው አልነበረኝም። ከጥቅምት ወዲህ ለአክስቴ ሁለት ጊዜ ደውዬ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ያወራሁት ስለ ራሴ ሕመም ነው።

መልስ 27 የኔ ነው። በማግሥቱ ደወልኩ። እሳቸው የተኙት ሳሎን ወለል ላይ፣ ከእንግዶቹ ልጆች ጋር በአንድ ፍራሽ ነበር። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ታመሙ። የጎረቤት ባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረሳቸው። ደማቸው ታይቶ ክኒን ተሰጣቸውና በሳምንቱ ተነሡ። ያልነገሩኝ እኔም ታምሜ ስለነበር እንዳልጨነቅ ብለው ነው። እኔ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ስንቀጠቀጥ እሳቸውም እዚያ ይንቀጠቀጡ ነበር።

አጎበሩን ጠየቅኳቸው። የለም፣ አልተሰቀለም አሉኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ አጥበው፣ አድርቀው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከአዲሶቹ አንሶላዎች ጋር አስቀምጠውታል። ስትመጪ ትተኚበታለሽ ብዬ ነው አሉ። አሁን እንዲሰቅሉት ለመንኳቸው። ነገ አሉ። እምቢ አልኩ፤ ስልኩን አልዘጋም አልኳቸው። ትንሽ ሳቁና የጎረቤቱን ልጅ ጠሩት። ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጡት። የቁም ሳጥኑ በር ሲከፈት ሰማሁ። ወንበር ተጎተተ። ከዚያ አክስቴ ልጁን በግራ በኩል ትንሽ ከፍ አድርገው፣ ወለሉን እንዳይጠርግ ሲሉት ሰማሁ።